የተበታተነው ባዶ ቦታ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡት ሽማግሌ፣ አጠገባቸው ላፕቶፕ አቅፋ የተቀመጠችውን ወጣት ሴት አናገሯት።

«ፋብሪካ ነው የምትሠሪው፣ ልጄ?»

«አዎ አባባ፣ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። የጨርቅ ንድፍ የምንሠራበት አንዱ በየቀኑ ይቆምብናል። አርጅቷል፣ ይጣል ተባለ።»

«አላረጀም?»

«ቢያረጅም ይሠራል። ሜሞሪው ውስጥ ባዶ ቦታ ሞልቷል፤ ግን ቁርጥራጭ ሆኖ ተበታትኗል። ትልቅ ሥራ ሲመጣ የሚበቃው አንድ ወጥ ቦታ ያጣል።»

«ገባኝ። እኔም ሱቅ መደርደሪያው ላይ እዚህም እዚያም ክፍተት አለ፤ ሙሉ የጨርቅ ጣቃ የሚያስገባ ግን የለም።»

«ልክ እንደሱ። ችግሩ፣ ይህን የሚያውቀው ከርነሉ፣ ማለት የሲስተሙ ዋና ክፍል ብቻ ነው። ለእኛ የሚያሳየን የባዶ ቦታውን ድምር ብቻ ነው። አለቆቼ ድምሩን እያዩ ቦታ አለ፣ ተሳስተሻል አሉኝ።»

«ታዲያ ምን አደረግሽ?»

«የከርነሉን ኮድ ከፍቼ፣ ቁርጥራጩን በየመጠኑ ለይቶ ለማንም ተጠቃሚ እንዲያሳይ አድርጌ ጻፍኩት። ደጋግሞ ተበላሸብኝ፤ ትናንት ሠራ።»

«አሳየሻቸው?»

«ዛሬ ነው የማሳያቸው። አንዴ ካዩት ማስተካከሉ አይከብድም።»

«ፈርተሻል?»

«ትንሽ። ግን እስካሁን የነበረኝ አፌ ብቻ ነበር፤ ዛሬ በዓይን የሚታይ ነገር ይዣለሁ።»

«በይ፣ አላህ ያግራልሽ።»

«አሚን፣ አባባ።»

የሐረጎን ቁልቁለት ጨርሰን ከተማው ሲታየን እኔም ከኋላ ወንበር ሆኜ በልቤ አሜን አልኩ።