ፋዘር ነኝ ያለው ሰው

«እማዬ፣ የካቶሊኮች ዩኒቨርሲቲ ብገባ ፓስተር ይቆጡሻል?» አለችኝ ልጄ ሩት። በእኛ ጊዜ ልጅ የተላከበት ይሄዳል እንጂ መች እንዲህ ይጠይቃል፤ ታዲያ እኔም «መንበርከኩን አትርሺ እንጂ የትም ተማሪ» አልኳት። እና ቺካጎ ላለ የካቶሊኮች ዩኒቨርሲቲ፣ ነርሲንግ ልትማር አፕላይ አደረገች። ቅዳሜ ለኢንተርቪው እንደውላለን አሏት፤ እሷም እኔም እህል አልወርድ አለን።

ታዲያ ያን ቅዳሜ ስልኳን ቻርጅ ላይ ትታ፣ «ገና ነው፣ መጣሁ» ብላ ዳቦ ልትገዛ ሰፈራችን ኤድመንተን ግሪን ገበያ ብር አለች። እሷ ከመውጣቷ ስልኩ ጠራ፣ አነሳሁ። ወፍራም የወንድ ድምፅ በእንግሊዝኛ፣ «ፋዘር ነኝ፣ ሩትን ፈልጌ ነበር» ይለኛል። እኛ ጴንጤዎቹ ወንድም እንላለን፣ ፓስተር እንላለን፤ ፋዘር ማለት አባት ነው፣ አበቃ።

«የማን ፋዘር?» አልኩት።

«የሁላችሁም» ብሎኝ እርፍ።

ደሜ ፈላ። «ስማ፣ የሩትን አባት እኔው ራሴ ነኝ የቀበርኩት» አልኩት።

«በጣም አዝናለሁ» አለ። «እዘን» ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ሩት ዳቦዋን ይዛ ገባች። «ማን ደወለ?»

«አንድ ቀጣፊ። አባቷ ነኝ ይላል።»

«ኦ ማይ ጋድ፣ እማዬ፣ የዩኒቨርሲቲው ቄስ ናቸው እኮ፤ ካቶሊኮች ቄሳቸውን ፋዘር ነው የሚሉት። ኢንተርቪው የሚያደርጉኝ እሳቸው ናቸው።»

እናንተዬ፣ ለካ ቄስ ጆሮ ላይ ነው የዘጋሁት። እሷ እያለቀሰች መልሳ ስትደውል፣ እኔ ኩሽናው በር ላይ ቆሜ «ጌታ ሆይ፣ የዘጋሁትን ክፈት» እላለሁ። እና ቄሱ ሲስቁ፣ ሲስቁ፣ እኔ እስካለሁበት ይሰማል። አናገሯት፣ አናገሯትና መጨረሻ ላይ «እናትሽን አቅርቢልኝ» አሉ።

«አባ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

«እንዲህ የምትጠብቅ እናት ያሳደገቻትንማ የት እንለቃታለን፤ ተቀብለናታል» አይሉኝም። ሩት አንዴ ስልኩን፣ አንዴ እኔን እያቀፈች ትዘላለች።

ማግስቱ እሁድ ነው። ጠዋት ጸሎት ቤት፣ የምስክርነቱ ሰዓት ላይ ብድግ አልኩና፣ ደስታው ምላሴን አሳስቶት፣ «ቅዱሳን፣ ለሩት አባት ጸልዩልኝ» አልኩ። ፓስተራችን የባሌ ቀብር ላይ የነበሩ ናቸው፤ ማይኩን ዝቅ አደረጉና ቀስ ብለው፣ «እህቴ፣ እኛ እኮ ለሞተ ሰው አንጸልይም» አሉኝ።

«የሞተውማ ጌታ ጋ ነው» አልኳቸው። «ይሄኛው ቺካጎ ነው ያለው።»