ለአማካሪ መምህር የተላኩ ሽማግሌዎች

ነገሩ ከመለወጡ በፊት ሁኔታው እንዲህ ነበር። አዳማ፣ ደምበላ ሰፈር ውስጥ፣ ሽንኩርት አምራችና ነጋዴ የሆነው ገርባና ልብስ ሰፊዋ ወይዘሮ ቀመሪያ በአንድ የብሎኬት አጥር ተለያይተው ይኖራሉ። የገርባ ልጅ ፈዬራና የቀመሪያ ልጅ ሃፍሳ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪዎች ናቸው። ባለፈው ክረምት ሃፍሳ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች በተዘጋጀ የምርምር ፕሮግራም ተመርጣ፣ አንድ መምህር እያማከሯት፣ ወጪዋም ተሸፍኖላት ስትሠራ ከረመች። ፈዬራ ያን ጊዜ አላመለከተም።

ከዚያ ወዲህ በገርባ ቤት ሰላም የለም። ቀመሪያ ልጇ ነጭ ጋዋን ለብሳ የተነሳችውን ፎቶ ሳሎን ሰቅላለች፤ ገርባ ደግሞ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ሐኪም ከሆነ ሥጋ ሻጩም ሐኪም ነው ይላል። ሰላምታ አላቋረጠም፤ ግን አሳጥሮታል። ድሮ የቤቱን ሰው ጤና አንድ በአንድ ይጠይቅ የነበረ ሰው አሁን “አካም” ብሎ ያልፋል። እኔ በውሃ ላቦራቶሪ የምሠራ የሁለቱም ጎረቤት ነኝ። ቅናት ሰውን ምን ያህል እንደሚያደክም ከገርባ ፊት ላይ አይቻለሁ።

ግንቦት ላይ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ባጃጅ ስጠብቅ ገርባን አገኘሁት። ነጭ ኩታ ለብሷል፤ ከጎኑ አቶ ኦሊቃ የሚባሉ ሸምገል ያሉ ዘመዱ ቆመዋል።

“እግዜር ነው ያመጣዎት ጋሽ አለማየሁ፤ ሦስተኛ ሰው አጥተን ነበር” አለኝ።

ለምን እንደሆነ ስጠይቀው አስረዳኝ። ፈዬራ ዘንድሮ ለዚያ ፕሮግራም ሊያመለክት ነው። ማመልከቻው አርብ ይዘጋል፤ ለማመልከትም አማካሪ ለመሆን የተስማማ መምህር ያስፈልጋል። ካልተሳካ ልጁ ክረምቱን ደራ ባለው የአባቱ ማሳ ሽንኩርት ሲያስጭን ይከርማል፤ ከርሞ ስለሚመረቅም ሌላ ዕድል የለውም። ስለዚህ ሃፍሳን ወዳማከሩት መምህር ቤት ሽማግሌ ይዞ መሄዱ ነው።

“ልጁ ራሱ ቢጠይቅስ?” አልኩት።

“ልጅ ለራሱ ይጠይቃል እንዴ? ሚስት ሲፈልግ የምንጠይቅለት እኛ፤ ከሰው ሲጣላ የምናስታርቀው እኛ። ቀመሪያስ እንዲሁ ያስገባቻት ይመስልዎታል? የላከቻቸውን ሽማግሌዎች ባውቃቸው እነሱኑ እወስድ ነበር።”

መምህሩ የሚሉትን በጆሮዬ ልሰማ ብዬ አብሬ ሄድኩ። በአክብሮት አስቀመጡን። አቶ ኦሊቃ ተነስተው ከደጅዎ የመጣነው አንድ ነገር ለመለመን ነው ብለው ሲጀምሩ የመምህሩ ባለቤት ከጓዳ ብቅ አሉ፤ መምህሩንም ሳል ያዛቸው።

“ይቅርታ አባቶቼ፤ ልጄ ገና ስምንተኛ ክፍል ናት” አሉ።

ጉዳዩ ሲገባቸው ሳቁ። ከሳቁ በኋላ የተናገሩት ግን ቁርጥ ያለ ነበር። “ተማሪ በሽማግሌ አልቀበልም። ልጁ ጥያቄውን ይዞ ራሱ ይምጣ። ጥያቄ ከሌለው፣ እናንተን አክብሬ እሺ ብል እንኳ በምን እንደማማክረው አላውቅም።”

ስንመለስ ገርባ የሚያስበው የመምህሩን ቃል ሳይሆን የጎረቤቱን ሽማግሌዎች ነበር፤ እነማን ቢሆኑ ነው እሺ ያሰኙት ይላል። ቤት ደርሰን ፈዬራ የሆነውን ሲሰማ ጭንቅላቱን ያዘ።

“አባዬ፣ ሃፍሳ ማንንም አልላከችም። ብቻዋን ነው የሄደችው። መልሰዋታል፤ ደግማ ሄዳለች።”

“ማን ነገረህ?”

“ራሷ።”

“ዘንድሮስ አታመለክትም?”

“ታመለክታለች።”

“እንግዲያው ተፎካካሪህ ናት። ለተፎካካሪው መንገድ የሚያሳይ ሰው አይተሃል? እኔ ሽንኩርት የት እንደተወደደ ለሌላ ነጋዴ ተናግሬ አላውቅም።”

“አምና ያላመለከትኩት እሷ አልፋ እኔ ብወድቅስ ብዬ ነው። እኔም እቀናለሁ አባዬ። በቅናቴ ያገኘሁት ግን አንድ ክረምት ማጣት ብቻ ነው” አለ ፈዬራ።

ቀናተኛ ሰው የሌላውን ስኬት አተኩሮ ይመለከታል፤ ስኬቱ የተሠራበትን መንገድ ግን አያይም። ገርባ ስለዚያ ፎቶ ያላለው ነገር የለም፤ ልጅቷን ግን “እንዴት ገባሽ?” ብሎ ጠይቋት አያውቅም።

እኔ ነገርን ለክቼ ማመን ስለምወድ አንድ ሐሳብ አቀረብኩ። ፈዬራ የጻፈውን የጥናት ሐሳብ መጀመሪያ እኔ አነባለሁ፤ ቀጥሎ ሃፍሳ ታርመዋለች፤ ከዚያ መልሼ አየዋለሁ። ሆን ብላ ካበላሸችው በግልጽ እናገራለሁ። ገርባ ወዲያው ተስማማ፤ እጅ ከፍንጅ ሊይዛት ጓጉቷል።

የፈዬራ ርዕስ “የስምጥ ሸለቆ የውሃ ብክለት” የሚል ነበር። ሃፍሳ በማግስቱ የገርባ በረንዳ ላይ ተቀምጣ በመጀመሪያ የሰረዘችው ርዕሱን ነው። ገርባ “አዩ!” በሚል ዓይን ተመለከተኝ።

“ይህን ሁሉ ውሃ በአንድ ክረምት ልትለካው ነው?” አለችው ፈዬራን። “ለመሆኑ የቱን ብክለት ነው የምትፈልገው?”

እንዲህ ስትጠይቀውና ሲመልስላት ርዕሱ ጠበበ፤ በመጨረሻም በደራ ዙሪያ ባሉ የመጠጥ ውሃ ጉድጓዶች ያለው፣ ሲበዛ ጥርስና አጥንት የሚጎዳው ፍሎራይድ ከሚፈቀደው መጠን ያልፋል ወይ የሚል አንድ ጥያቄ ሆነ። ቀጥላ መከረችው። “መምህሩ የማታውቀውን ይጠይቁሃል። አላውቅም በል። እኔን የመለሱኝ ሳላውቅ የማውቅ መስዬ ስለመለስኩ ነው።”

ገርባ ከዚህ በላይ አልቻለም። “ልጄ፣ ቦታው ጥቂት ነው። እሱ ገብቶ አንቺ ብትቀሪስ?”

“እቀናለኋ ጋሽ ገርባ፤ ያውም በደንብ። ግን አምና የጻፍኩትን የሚያነብልኝ ሰው አጥቼ ነው የተንከራተትኩት። ዘንድሮ የእኔን እሱ ያነበዋል።”

በእርግጥም አነበበላት፤ በሥራ ዕቅዷ ውስጥም አንድ ስሕተት አገኘ። ገርባ ወደ ጎን ወስዶኝ “አበላሽታዋለች?” አለኝ። እኔ ያላየሁትንም እንዳረመች ነገርኩት። ወደ ሃፍሳ እያየ “አባት የላትም እኮ” አለ። “ቢፈለግስ ማን ይላክላት ነበር?”

ፈዬራ ማክሰኞ ብቻውን ወደ መምህሩ ሄደ። ከየጉድጓዱ ስንት ናሙና እንደሚወስድ ሲጠየቅ አላውቅም አለ፤ አጥንቶ እንዲመጣ ተመለሰ፤ ሐሙስ ደግሞ ሄዶ ተቀባይነት አገኘ። ውጤቱ ሰኔ ላይ ሲነገር እሱ አለፈ፤ ሃፍሳ ቀረች።

አሁን ሰላምታ ማሳጠሩ የቀመሪያ ተራ ሆነ። የቀድሞው ገርባ ቢሆን በዚህ ደስ ይለው ነበር። እሱ ግን ቤቷ ድረስ ሄዶ፣ ከፎቶው ሥር ተቀምጦ፣ “ልጄን ያስገባችው ልጅሽ ናት፤ እኔ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ስቀናባችሁ ነበር” አላት። ቀመሪያ ታውቅ እንደነበር ነገረችው፤ ሻይም አቀረበችለት። ሃፍሳ የጎደላትን ከመምህሩ ጠይቃ ተረድታ ለሌላ ዩኒቨርሲቲ ፕሮግራም መጻፍ ጀምራ ነበር፤ ረቂቁን ፈዬራ እያነበበላት ነው።

የዚህ አሠራር ጥቅሙ ግልጽ ነው። ለራሱ የሚጠይቅ ወጣት መጠየቅን ይለምዳል፤ ሐሳቡን ለሌላ የሚያሳይ ስሕተቱን ቀድሞ ያገኛል፤ መምህርም በሽማግሌ ሳይሆን በጥያቄ ሲመርጥ፣ የሚላክለት ሰው የሌለው ልጅ እኩል ይታያል።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ፈዬራ የአሥራ አንድ ጉድጓዶችን ውሃ ለክቶ ጨረሰ። ሰባቱ ከሚፈቀደው መጠን አልፈዋል፤ አንዱ የገርባ ሠራተኞች የሚጠጡበት ነው። ገርባ ይህን አልደበቀም፤ ደራ ላሉ ባለማሳዎች ሁሉ ራሱ እየዞረ ተናገረ፤ ለሠራተኞቹም ሌላ የመጠጥ ውሃ ያስመጣ ጀመር። የእሱ ጉድጓድ ውሃ በአንድ ሊትር 3.4 ሚሊግራም ፍሎራይድ ነበረው፤ የሚፈቀደው 1.5 ነው።