ሰይድ ያጠፋው ደብዳቤ

የተሰረዘ ጽሑፍ የት ይሄዳል? ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ራሴን ስጠይቅ ኖሬያለሁ። አንድ ቀን ሰቆጣ ገበያ፣ ጓደኛዬ ዘሃራ ለሰው ማመልከቻ በምትጽፍበት ሱቅ ኮምፒውተር ላይ፣ በሩቅ ያለ ሰው ለኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ኮምፒውተርን ለሚመራው ዋና ፕሮግራም፣ ጽፎ የላከልኝን እርማት እገመግም ነበር። አንድ መስመር ብቻ ናት፤ አንዱ ፕሮግራም የለቀቀው ሜሞሪ ለሌላው ከመሰጠቱ በፊት እንዲጸዳ ታደርጋለች። ስህተቱን በዓይኔ ለማየት መጀመሪያ ያለ እርማቷ ሞከርሁ። ባዶ ሊሆን በሚገባው ሜሞሪ ውስጥ አማርኛ ብቅ አለ፦ «ዘሃራ እህቴ፣ አትፈልጉኝ። በበረሃው በኩል ሳዑዲ ልሄድ ነው።»

«ዛሬ በዚህ ማን ጻፈ?» አልኋት።

«ማንም። ወንድሜ ሰይድ ትንሽ ነካክቶ፣ ምንም አልጻፍሁም ብሎ ወጣ። ምነው ፊትሽ አመድ መሰለ? ጂን አየሽ እንዴ?» ብላ ሳቀች።

እርማቷን ጭኜ ኮምፒውተሩን እንደገና አስነሳሁት። እኔው ጽፌ፣ አጥፍቼ ስፈልግ ዜሮ ብቻ ተደረደረ። የሰይድ ቃልም የለም፤ ከእኔ በቀር ያየው ሰው የለም። እርማቷ ልክ ናት ብዬ ለጻፋት ሰው መለስሁ። በሰው ጉዳይ መግባት እፈራለሁ፤ ዝም ብል ማንም አይጠይቀኝም ነበር። ተነሥቼ «ዘሃራ፣ ሥራሽን ተይው፤ ሱቁን ዝጊና ሰይድ ሳይሳፈር መናኸሪያ እንሩጥ» አልኋት።