በቤታችሁ ሆናችሁ ለምታዳምጡን

(ደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር ባለ ቤት፣ ከሰዓት በኋላ፤ ጥሩወርቅ ከሥራ ተመልሳ ሸሚዝ ትተኩሳለች፣ አሥረኛ ክፍል የምትማረው ልጇ ሶስና ቦርሳዋን ሳታወርድ በሩ ላይ ቆማለች።)

ሶስና፦ እንደማንኛውም ቀን ነው የተነሳሁት። ፊቴን ታጠብኩ፣ ዳቦ በሻይ በላሁ፣ ጫማዬን ወለወልኩ። ጉም ስለነበር ሹራብ ደርቢ አልሽኝ፣ ደረብኩ። በር ላይ ሳምሽኝ። ትምህርት ቤት ስደርስ ልጆቹ ለሰንደቅ ዓላማ እየተሰለፉ ነበር፤ የማነበውን ይዤ ወደ ሚኒ ሚዲያው ክፍል ሄድኩ። መምህር ይመር በሩ ላይ ቆመው «አንቺ እኮ ለቀሻል» አሉኝ።

ጥሩወርቅ፦ መጀመሪያ ቦርሳሽን አውርጂ።

ሶስና፦ «ማን አለ?» አልኳቸው። «እናትሽ ትናንት መጥተው ማጠናከሪያ ትገባለች ብለው ፈርመው ሄዱ» አሉኝ። በር ላይ ስትስሚኝ ታውቂ ነበር ማለት ነው።

ጥሩወርቅ፦ ማታ ልነግርሽ ነበር፣ እንቅልፍ ወሰደሽ።

ሶስና፦ ጠዋትስ?

ጥሩወርቅ፦ ጠዋት ቁርስ እየበላሽ ነበር።

ሶስና፦ ስበላም ጆሮዬ ይሠራል።

ጥሩወርቅ፦ ምላስሽም ይሠራል። ስሚኝ፣ የጠዋቱ ማጠናከሪያ የሚሰጠው በዚያው በሰልፉ ሰዓት ነው። ሒሳብና ፊዚክስ። የተመዘገቡት ልጆች ከሰልፍ ቀርተው ክፍል ይገባሉ። እነሱ እዚያ ጥያቄ ሲሠሩ አንቺ በድምፅ ማጉያ የኳስ ውጤት ታነቢያለሽ።

ሶስና፦ ኳስ ብቻ አይደለም የማነበው።

ጥሩወርቅ፦ ያው ነው።

ሶስና፦ ማትሪክ እኮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው እማዬ። እኔ አሥረኛ ነኝ።

ጥሩወርቅ፦ አሥራ ሁለተኛ ሲደርስ የሚጀምር ሰው ዘግይቷል። በሚቀጥለው ዓመት ተፈጥሮ ሳይንስ ትገቢያለሽ። ሕክምና የሚያስገባ ውጤት በአንድ ክረምት አይመጣም። ዘጠነኛ ለመሠረት ነበር፣ አሥረኛ ለማጠንከር፣ አሥራ አንደኛ ለልምምድ፣ አሥራ ሁለተኛ ለፈተናው።

ሶስና፦ ለመሳቅ የተመደበው የትኛው ክፍል ነው?

ጥሩወርቅ፦ ዩኒቨርሲቲ ስትገቢ ትስቂያለሽ።

ሶስና፦ አንቺ ዩኒቨርሲቲ ስቀሻል?

ጥሩወርቅ፦ አጥንቻለሁ።

ሶስና፦ አባዬን የት ነው ያገኘሽው?

ጥሩወርቅ፦ አሁን ይሄ ምን አመጣው?

ሶስና፦ እሱ ነግሮኛል። ከአንቺ አፍ ልስማ ብዬ ነው።

ጥሩወርቅ፦ የተማሪዎች ካፌ ሰልፍ ላይ። ከኋላዬ ቆሞ ስለ ወጡ ሲቀልድ ሳቅሁ።

ሶስና፦ በማግስቱ ፈተና ነበረሽ።

ጥሩወርቅ፦ ይህንንም ነግሮሻል?

ሶስና፦ ከሰልፉ በኋላ እስኪመሽ ሣር ላይ ተቀምጣችሁ ስታወሩ እንደዋላችሁም ነግሮኛል። ያን ቀን ቤተ መጻሕፍት ብትገቢ ኖሮ እኔ የለሁም።

ጥሩወርቅ፦ ያ ፈተና ዝቅ ብሎ ነው የመጣልኝ፣ እንድታውቂው ያህል።

ሶስና፦ ይቆጭሻል?

ጥሩወርቅ፦ ቦርሳሽን አውርጂ አልኩሽ እኮ፣ ትከሻሽ ይጎብጣል።

ሶስና፦ አወረድኩት። እማዬ፣ ስምንተኛ ክፍል ሳልፍ የጓደኞቼ ወላጆች ሰዓት ገዙላቸው። አንቺ የልብ ማዳመጫ ገዛሽልኝ።

ጥሩወርቅ፦ የምሠራበት መድኃኒት ቤት ዕቃ ሲያራግፍ በርካሽ አግኝቼ ነው።

ሶስና፦ አልጠላሁትም። የአባዬን ልብ አዳምጥበት ነበር። አሁን የድመቷን ነው የማዳምጠው።

ጥሩወርቅ፦ እሱም ልምምድ ነው።

ሶስና፦ እሷ ግን ሰልችቷታል። ስታየኝ አልጋ ሥር ትገባለች።

ጥሩወርቅ፦ ቀልዱን ተይው። ቀልድ ስለምትወጂ ነው ማይኩም የጣመሽ። የጠፋ ዣንጥላ ማስታወቂያ ታነቢያለሽ፣ ከዚያ «ባለቤቱ የሚያስታውሰው ሲዘንብበት ነው» ትያለሽ፣ ልጆቹ ይስቃሉ፣ ጠዋቱ አለቀ።

ሶስና፦ ይህን ማን ነገረሽ?

ጥሩወርቅ፦ ምኑን?

ሶስና፦ የዣንጥላውን።

ጥሩወርቅ፦ ጎረቤት።

ሶስና፦ የትኛዋ ጎረቤት?

ጥሩወርቅ፦ እትዬ ዘሀራ።

ሶስና፦ እትዬ ዘሀራ? የራሳቸው በር ሲንኳኳ እንኳ አይሰሙም። ልጃቸው በመስኮት ነው የሚገባው።

ጥሩወርቅ፦ እንግዲህ ልጃቸው ነግሯቸው ይሆናል።

ሶስና፦ ይሁን። አንቺማ እንዳልል በትምህርት ቤቱ በኩል ያለውን የአባዬን መስኮት እሱ ካረፈ ጀምሮ ከፍተሽው አታውቂም።

ጥሩወርቅ፦ ብርድ ያስገባል።

ሶስና፦ በበጋም?

ጥሩወርቅ፦ አቧራ ያስገባል።

ሶስና፦ አልጋውን ወደ መስኮቱ ያዞርነው ለምን እንደነበረ ትዝ ይልሻል?

ጥሩወርቅ፦ አየር እንዲያገኝ።

ሶስና፦ ለአየር ብቻ አልነበረም።

ጥሩወርቅ፦ ሶሲ፣ ተይው።

ሶስና፦ ዘጠነኛ ክፍል ሆኜ መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን ነው። ከቤት ስወጣ አባዬ «ከዚህ ይሰማል፣ ጮክ በይ» አለኝ። ጮክ አልኩ። ስጨርስ «በቤታችሁ ሆናችሁ ለምታዳምጡንም መልካም ቀን» አልኩ። ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። የትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ከቤቱ ሆኖ የሚያዳምጥ ማን አለ? መምህር ይመርም «ሬዲዮ ጣቢያ መሰለሽ እንዴ» አሉኝ። አባዬ ተኝቶ እንደሚሰማኝ ስነግራቸው ሁለተኛ አልሳቁም።

ጥሩወርቅ፦ ይህን አልነገርሽኝም።

ሶስና፦ አንቺ ሥራ ነበርሽ። ከትምህርት ቤት ስመለስ «መልካም ቀንሽ ደርሶኛል» ይለኝ ነበር። ድምፁ ሲደክም በእጁ ያሳየኝ ነበር። ካረፈም በኋላ አልተውኩትም። መስኮቱ ዝግ እንደሆነ እያወቅሁ በየቀኑ እለዋለሁ። ለማን እንደምለው አላውቅም። ብቻ እሱን ካላልኩ ቀኑ የጀመረ አይመስለኝም።

ጥሩወርቅ፦ ትንሽ ዝም በይ፣ ሸሚዝሽን ላቃጥለው ነው።

ሶስና፦ እማዬ፣ መብራት ከሄደ ቆየ እኮ። ካውያው ቀዝቅዟል።

ጥሩወርቅ፦ መቼ ሄደ?

ሶስና፦ እኔ ስገባም አልነበረም። በቀዝቃዛ ካውያ አንዱ እጅጌ ላይ ስትመላለሺ ነው የቆየሽው።

ጥሩወርቅ፦ ንገሪኝ አትይም?

ሶስና፦ የምታውቂ መስሎኝ።

ጥሩወርቅ፦ ነይ ተቀመጪ። እዚህ። አባትሽ የታመመ ጊዜ፣ ምን እንደሆነ የሚነግረን ሰው ፍለጋ አዲስ አበባ ስንት ጊዜ እንደተመላለስን ታውቂያለሽ። ከበሽታው ይልቅ መንገዱ ነው ያደከመው። እኔ ቀኑን ሙሉ መድኃኒት ቤት ቆሜ የሰው መድኃኒት አድላለሁ፣ ጠዋት ይህን ማታ ያን ውሰዱ እላለሁ። የሱን የምርመራ ወረቀት ሲሰጡኝ ግን ማንን እንደምጠይቅ አላውቅም ነበር። ያኔ አንድ የሚያውቅ ሰው በቤታችን ቢኖር አልኩ። ሌላ ሐሳብ አልመጣልኝም።

ሶስና፦ እኔ ሐኪም ብሆን እሱ አይመለስም።

ጥሩወርቅ፦ አውቃለሁ።

ሶስና፦ ታዲያ?

ጥሩወርቅ፦ ታዲያማ የማደርገው ሌላ ነገር የለኝም። የሱን ነገር ማስተካከል አልቻልኩም። ያንቺን ገና ከአሁኑ ልያዘው ብዬ ነው። እኔም አንድ ነገር ብሆን በእጅሽ የሆነ ነገር ይኑርሽ።

ሶስና፦ እንደሱ አትበይ።

ጥሩወርቅ፦ አላልኩም፣ ተውኩት።

ሶስና፦ ሕክምና አልፈልግም ብያለሁ? ልፈልገውም እችላለሁ። አጥንቼ አላውቅም? ካርዴን አይተሽ አታውቂም? የጠየቅሁሽ ጠዋት ጠዋት ትንሽ ሰዓት ብቻ ነው። ሌላውን ሁሉ ወስደሽዋል። ቅዳሜን ወስደሽዋል፣ ክረምቱንም ወስደሽዋል። የመረብ ኳሱንም እሺ ብዬ ትቼዋለሁ።

ጥሩወርቅ፦ የመረብ ኳሱን ጉልበትሽን አሞሽ ነው የተውሽው።

ሶስና፦ ጉልበቴን አሞኝ አያውቅም። አንቺ ደስ እንዲልሽ ነው አሞኛል ያልኩት።

ጥሩወርቅ፦ ቅባት ስቀባሽ ነበር እኮ።

ሶስና፦ ይሸት ነበር። ታገስኩት።

ጥሩወርቅ፦ እኔ የማላውቀው ሌላ ምን አለ?

ሶስና፦ ሌላ የለም። የቀረኝ ማይኩ ብቻ ነበር።

ጥሩወርቅ፦ ነገ ሥራ ከመግባቴ በፊት ሄጄ መምህር ይመርን አነጋግራቸዋለሁ። ፊርማዬን ስቤያለሁ እላለሁ።

ሶስና፦ እኔም ጠይቄያቸዋለሁ። አይሆንም።

ጥሩወርቅ፦ ለምን አይሆንም? ትናንት የፈረምኩትን ዛሬ ብተወው ማን ይጎዳል?

ሶስና፦ ከማል ይጎዳል። ወረፋ ሲጠብቅ ነበር፣ ዛሬ ጠዋት ጀመረ። ማይክ የለቀቀ ሰው ወደ ወረፋው መጨረሻ ነው የሚሄደው።

ጥሩወርቅ፦ ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ሕግ ነው? ማን አወጣው?

ሶስና፦ እኔ።

ጥሩወርቅ፦ አንቺ?

ሶስና፦ ልጆቹ ፈተና ሲደርስ ለቀቅሁ ይሉና ፈተናው ሲያልፍ ተመልሰው ቦታዬን ይላሉ። አምና እኔ ነኝ በስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ ይህ ይቅር ያልኩት። ሁሉም አጨበጨቡልኝ።

ጥሩወርቅ፦ ወረፋው ረጅም ነው?

ሶስና፦ እስኪደርሰኝ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እሆናለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደግሞ ለማትሪክ ይዘጋጅ ተብሎ ማይክ አይሰጠውም።

ጥሩወርቅ፦ የከማልን እናት አውቃታለሁ። መድኃኒት ከእኔ ነው የምትወስደው። ባነጋግራትስ?

ሶስና፦ ምን ብለሽ? ልጅሽን አስወጪልኝ ብለሽ? አንቺ እኔን እንዳስወጣሽው?

ጥሩወርቅ፦ እሱስ ልክ ነሽ።

ሶስና፦ ጠዋት ሲገባ ማይኩን ከንፈሩ ላይ ለጥፎት ነበር። አጠገቡ ሆኜ አፍህን ከማይኩ ትንሽ አርቀው አልኩት።

ጥሩወርቅ፦ አንቺ አሳየሽው?

ሶስና፦ ማን ያሳየው? ከዚያ ወጣሁና ማጠናከሪያው ክፍል ገባሁ። ኋላ ወንበር ተቀመጥኩ።

ጥሩወርቅ፦ ገባሽ?

ሶስና፦ ነገም እገባለሁ። ከነገ ወዲያም።

ጥሩወርቅ፦ እሺ ማለትሽ ነው?

ሶስና፦ ፈርመሻል እኮ።

ጥሩወርቅ፦ ተቆጪኝ እንጂ ሶሲ። በር ዘግተሽ አኩርፊኝ። እንደሌላ ጊዜው እራት አልበላም በይ።

ሶስና፦ ከትምህርት ቤት እስከዚህ ድረስ ስቆጣ ነው የመጣሁት። መንገድ ላይ አለቀ።

ጥሩወርቅ፦ እንደዚህ ሆነሽ እሺ እንድትዪኝ አልነበረም የፈለግሁት።

ሶስና፦ እንዴት ሆኜ ልበልሽ?

ጥሩወርቅ፦ አላውቅም።

ሶስና፦ እኔም አላውቅም። ሳይመሽ የሒሳብ ጥያቄዎቹን ልሥራ፣ መብራቱ ላይመጣ ይችላል።

ጥሩወርቅ፦ ሶሲ።

ሶስና፦ አቤት።

ጥሩወርቅ፦ የዣንጥላውን ነገር እትዬ ዘሀራ አልነገሩኝም።

ሶስና፦ ገብቶኛል። የነገረሽን ሰው ግን አላገኘሁትም።

ጥሩወርቅ፦ ጠዋት አንቺ ከወጣሽ በኋላ ልብስ ማስጫው ጋ እቆማለሁ፣ ከቧንቧው አጠገብ። ጉም ሲሆን ይበልጥ ጠርቶ ይሰማል። እስክትጨርሺ አልሄድም።

ሶስና፦ አለቃሽ ታረፍጃለሽ እያለ የሚነጫነጭብሽ ለዚህ ነው?

ጥሩወርቅ፦ ለዚህ ነው።

ሶስና፦ በየቀኑ?

ጥሩወርቅ፦ አባትሽ ካረፈ ጀምሮ።

ሶስና፦ ታዲያ መስኮቱን አትከፍቺም ነበር? ብርዱ ላይ ከምትቆሚ?

ጥሩወርቅ፦ መስኮቱ የሱ ነው።

ሶስና፦ ለምን አልነገርሽኝም እማዬ?

ጥሩወርቅ፦ ከነገርኩሽ ማጠናከሪያ ግቢ ማለት አልችልማ።

ሶስና፦ ዛሬም ቧንቧው ጋ ቆምሽ?

ጥሩወርቅ፦ ዛሬ መስኮቱን ከፈትኩት።

ሶስና፦ የአባዬን?

ጥሩወርቅ፦ መያዣው ዝጎ አስቸገረኝ። አለማንበብሽን ላረጋግጥ ብዬ ነው የከፈትኩት። አንቺን ካልሰማሁ ሥራዬን ጨርሻለሁ፣ ደስ ይለኛል ብዬ።

ሶስና፦ አረጋገጥሽ?

ጥሩወርቅ፦ አዎ።

ሶስና፦ ከማል እንዴት አነበበ?

ጥሩወርቅ፦ ደህና አነበበ። የኳሱን ውጤት አነበበ፣ የተገኘ ቁልፍ አለ አለ፣ ስለ ጽዳት ዘመቻው አነበበ። ከዚያ አመሰገነና ማይኩ ተዘጋ። እኔ ቆሜ ጠበቅሁ። ልጆቹ ክፍል ገቡ፣ ግቢው ጸጥ አለ። «በቤታችሁ ሆናችሁ ለምታዳምጡን» ያለ ሰው የለም።