ታቬቲ ድምፅ የሰጡ ዕለት

የበረዶ መንሸራተቻዬ ማሰሪያ መንገድ ላይ ባይበጠስ ኖሮ ይህን ታሪክ የሚነግራችሁ ሌላ ሰው በሆነ ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር 1931 ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። የፊንላንድ ሕዝብ አሥራ ሁለት ዓመት የቆየው የመጠጥ ክልከላ ይጽና ወይስ ይሻር ብሎ ድምፅ የሚሰጥበት ቀን ነበር። እኔ የሃውኪኒየሚ መንደር አስተማሪ ነኝ። ድምፅ ለመስጠት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መንደር ስሄድ ማሰሪያው ተበጠሰብኝና ዳር ቆሜ ሳለሁ፣ ታቬቲ ራንታላ በፈረስ በሚጎተት የበረዶ ጋሪያቸው ደረሱና አሳፈሩኝ።

ታቬቲ ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የመጠጥ ተቃዋሚዎችን ማኅበር መርተዋል። የማኅበሩን አዳራሽ ግንድ በግንድ የሠሩት እሳቸው ናቸው። ክልከላው የታወጀ ዕለት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲያለቅሱ አይቻቸዋለሁ።

ጥቂት እንደሄድን ሳይሚ ቦርሳዋን አንግታ በእግሯ ስትጓዝ ደረስንባት። ሳይሚ የእኅታቸው ልጅ ናት። ዋና ከተማ ሄዳ ነርስነት ተምራ የተመለሰች፣ ቤት ለቤት እየዞረች የምታክም ወጣት ናት። አጎትና የእኅት ልጅ ሰላም ከተባባሉ ዓመት አልፏቸው ነበር። የታቬቲ አንድ ልጅ ኤይኖ ከኢስቶኒያ ጀልባዎች አልኮል ሲያመላልስ በበልግ ማዕበል ሰጠመ። በቀብሩ ዕለት ሳይሚ ማዕድ ላይ፣ «ይህን ልጅ የገደለው ባሕር ብቻ አይደለም» አለች። ታቬቲ ተነሥተው ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ ዘጓት። ያን ዕለትም ቆመው ያሳፈሯት እኔ ስለ ለመንኳቸው ነው።

ብዙ መንገድ ሄድን። በመጨረሻ ታቬቲ ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው ለየትኛው ድምፅ እንደምሰጥ ጠየቁኝ። ገና እንዳልወሰንሁ ነገርኋቸው፤ እውነቴን ነበር።

«እኔ ወስኛለሁ» አለች ሳይሚ ከኋላ። «ይሻር እላለሁ።»

«አንቺማ ምን ታደርጊ፤ የድሮውን አላየሽም» አሉ ሳይዞሩ።

ከዚያ ወዲያ ክርክሩ ተከፈተ። ሽማግሌው ስለ ልጅነታቸው ቅዳሜዎች ተናገሩ። እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ጎረቤት ሳውና በሚባለው የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተደብቀው ያድሩ ነበር። የገዛ አባታቸው ላሟን ሸጦ ጠጥቷታል። አንድ የገና ሰሞን ከመጠጥ ቤት ሲመለስ በራፉ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው በረዶ ላይ ወደቀና ሞተ። ጠዋት ያገኙት እሳቸው ናቸው፤ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። ይህን ሁሉ የሚያወሩት ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ እንደ ተለመደ ጸሎት ነበር። ማንም ሰው ይህን ሰምቶ ክልከላው ከክፋት የመጣ ነው ሊል አይችልም።

ሳይሚም አላለችም። መጀመሪያ ላይ ቤቱ ሁሉ ሰላም እንደ ነበር፣ ልጆችም ጫማ እንዳገኙ አመነች። የምትለው፣ ያ ዘመን አልፏል ነው። ድሮ ቢራ ይጠጣ የነበረው ሰው አሁን የሚጠጣው ንጹሕ አልኮል ነው፤ ምክንያቱም ትንሽ ጣሳ ለመደበቅ ይቀላል። በቤተ ክርስቲያኑ መንደር ምግብ ቤት አስተናጋጇ፣ ሻዩ ለስላሳ ይሁን ወይስ ጠንካራ ብላ ትጠይቃለች፤ ጠንካራው አልኮል የተጨመረበት ነው፤ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጃገረዶች ጠንካራ ይላሉ። እስር ቤት የሚገባው ዓሣ አጥማጁ ነው፤ ባለ አውቶሞቢሉን ነጋዴ ግን የሚነካው የለም።

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው፣ አጎቴ» አለች። «ባለፈው ወር ሁለት ልጆች ያሉት ሰው መርዝ ያለበት አልኮል ጠጥቶ ዓይኑ ጠፋ፤ በማግስቱ ሞተ። ሚስቱ ለምን ሳትጠራኝ ቀረች? ፖሊስ ይዘሽ ትመጫለሽ ብላ ፈራች። ብትጠራኝ ምናልባት አድነው ነበር።»

እኔም ያየሁትን ጨመርሁ። የክፍሌ ልጆች አባትህ የት ነው ሲባሉ፣ «አላየሁም» ብለው ይመልሳሉ። ስለ ጀልባም፣ ስለ ዓሣም ስጠይቃቸው መልሳቸው ያው ነው። እንዲዋሹ ያስተማራቸው ሕጉ አይደለም፤ ነገር ግን ውሸት የቤት እንጀራ የሆነው በእሱ ዘመን ነው።

ታቬቲ አልተረቱም። ደካማ ሕግ ይጠናከራል እንጂ አይሻርም አሉ። ሰው ሁሉ ሕግ የሚተላለፈውን ቢጠቁም ኮንትሮባንድ በአንድ ዓመት ይጠፋ ነበር አሉ።

ያን ጊዜ ሳይሚ ድምፅዋ ተለወጠ። «ጥቆማማ ምን እንዳመጣ አውኩስቲን ይጠይቁት።»

አውኩስቲ የታቬቲ ጎረቤት ነው። ኤይኖ የሞተበት ማታ ከእሱ ጋር የነበረውና በሕይወት የተረፈው ባልደረባው ሲናገር፣ ወደ ወደባቸው ሊገቡ ሲሉ የጉምሩክ ጠባቂዎች ጀልባ እዚያው ሲጠብቃቸው አዩ፤ ፈርተው በውጭ በኩል ባሉት ድንጋዮች ሊዞሩ ሲሉ ጀልባቸው ተሰበረ። የጠቆመ ሰው አለ ማለት ነው። መንደሩ አውኩስቲን ጠረጠረ። መረቦቹን ቆራረጡበት፤ የጀልባ ቤቱን አቃጠሉበት። ሚስቱ ሱቅ ስትገባ ሰው ሁሉ ዝም ይላል።

ታቬቲ ፈረሱን አቆሙት። 

«አውኩስቲ አይደለም» አሉ። «እኔ ነኝ።»

ሁለታችንም በትክክል የሰማን አልመሰለንም። እሳቸው ግን ጓንታቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና ቀጠሉ። «ጥቂት ወር ይታሰራል፣ ንጹሕ ሆኖ ይመለሳል ብዬ ነው። ለሌላው ልጅ ሕግ ይከበር እያልሁ ለራሴ ልጅ ዝም ልል ነው? ሄጄ ተናገርሁ። ማዕበል ይነሣል ብዬ አላሰብሁም።»

ይህን ሲሰማ ያሸነፈ ሰው ደስ ይለዋል ብላችሁ ከሆነ ሳይሚን አላያችኋትም። ወደ ፊት መጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች፤ ባዶ እጃቸውን ያዘች። እንዲህም አለች።

«አጎቴ፣ ልጅዎን ያጡት ክፉ ስለሆኑ አይደለም። ይህ ሕግ አባትን ልጁን እንዲያሳድድ፣ ልጅን ከአባቱ ቤት እንዲሸሽ ስላደረገ ነው። ቢሻር መጠጥ አይጠፋም፤ አልዋሽዎትም። ግን በቀን፣ በታወቀ ሱቅ፣ በልክ ይሸጣል፤ ለልጅ አይሸጥም። የታመመ ሰው ሳይፈራ እኔን ይጠራል። ጎረቤትም ጎረቤቱን አይሰልልም።»

«አዳራሹስ?» አሉ ታቬቲ። «ሠላሳ ዓመት የደከምሁበት?»

«የአዳራሹ ሥራ ገና መጀመሩ ነው። እስከ ዛሬ ሰካራም ሳይገባ በበሩ ያለፈው ስለሚፈራዎት ነው። አሁን ይግባ። አባትዎ ያን ማታ ገብተው የሚሞቁበት ቤት አልነበረም፤ እርስዎ ግን ሠርተዋል።»

ሽማግሌው ጓንታቸውን አጠለቁ። ፈረሱን ነካ አደረጉትና ሄድን።

ድምፅ መስጫው ውስጥ ብዙ ቆዩ። ሲወጡ፣ «ይሻር ብያለሁ» አሉኝ በአጭሩ። ቀጥሎም አውኩስቲ ከአጥሩ ጥግ ብቻውን ቆሞ ነበርና፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ወደ እሱ ሄዱ። ሕዝቡ እየሰማ፣ ያን ማታ ለጉምሩክ የተናገሩት እሳቸው መሆናቸውን ነገሩት፤ ይቅርታም ለመኑት። አውኩስቲ ፊታቸውን ትክ ብሎ ሲያይ ቆየና ጀርባውን ሰጥቷቸው ሄደ። የኤይኖ ሚስት ሌምፒም እዚያው ነበረች። ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማ ቀረች።

ክልከላው በሚያዝያ ተሻረ። ሁሉ ነገር ተስተካከለ ብል እዋሻለሁ፤ ዛሬም ደመወዙን የሚጠጣ አለ። ነገር ግን በመርዝ አልኮል ዓይኑ የጠፋ ሰው ካየን ቆይተናል። ወጣቶች ወደ ባሕር የሚወጡት ለዓሣ ነው። ልጆችም አባታቸው የት እንዳለ ሲጠየቁ ይናገራሉ። ስለዚህ አንባቢዬ ሆይ፣ ክፉን ነገር በትእዛዝ ብቻ አጠፋለሁ የሚል ሰው ቢያጋጥምህ፣ ልቡ ቅን መሆኑን ሳትጠራጠር፣ ከትእዛዙ በኋላ በየቤቱ የሚሆነውን እንዲያይ ምከረው።

ታቬቲ በዚያ በጋ የአውኩስቲን የጀልባ ቤት ብቻቸውን ሠርተው መለሱለት። አውኩስቲ ቤቱን ተቀበለ፤ ሰላምታቸውን ግን እስከ ዛሬ አልተቀበለም። ሌምፒ ደጃቸውን አልረገጠችም። ቅዳሜ ቅዳሜ አዳራሹ ምድጃው ነድዶ፣ በሩ ለማንም ክፍት ሆኖ ይውላል፤ የሰከረ ይገባል፣ ይሞቃል፣ ያድራል። አንድ ቀን እንጨት ስናስገባ፣ ሕጉ በመሻሩ ልባቸው አርፎ እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው።

«ሕግ ይሻራል፣ መምህር» አሉኝ፤ «እኔ የተናገርሁትን የሚሽርልኝ ግን የለም።» እንጨቱንም ምድጃ ውስጥ መጨመራቸውን ቀጠሉ።