ሐረግ የዞረበት ምስክር ወረቀት

ሉማሜ አንድ የኮምፒዩተር ጽሕፈትና ኅትመት ቤት ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። የክስ ማመልከቻው፣ የሠርግ መጥሪያው፣ የተዝካር ጥሪው ሁሉ በእነዚህ ጣቶች ነው ያለፈው። ዲፕሎማ ይኑረኝ ብዬ ደብረ ማርቆስ አንድ ኮሌጅ ለጸሐፊነት ትምህርት ልመዘገብ ሄድኩ። የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ነበር። መዝጋቢው “መጀመሪያ መሠረታዊ የኮምፒዩተር ችሎታ እንዳለሽ ማሳየት አለብሽ” አለኝ። ደስ አለኝ። ከጀርባው በመስኮቱ በኩል ኮምፒዩተሮቹ ጨርቅ ለብሰው ተደርድረዋል። “የቱ ላይ ልቀመጥ?” አልኩት።

“እዚያ የሚገባው የተመዘገበ ነው። አንቺ ምስክር ወረቀት አምጪ።”

“አሥር ደቂቃ ብቻ ይስጡኝ፤ ያሉኝን ጽፌ ላሳይዎት።”

“በወረቀት ነው የሚታየው” ብሎ ከኋላዬ ያለችውን ጠራ። ሰልፍ ላይ “ኮምፒዩተር የሚበራው በየት በኩል ነው?” ብላ ስትጠይቀኝ የነበረች ልጅ ናት። ወረቀቷን ዘረጋች፤ ማኅተሙን አይቶ መዘገባት። እኔ ግን ወረቀቱን ሳየው ደሜ ፈላ። የከተማችን የኮምፒዩተር ማሠልጠኛ የስም ዝርዝር ይልክልናል፣ ምስክር ወረቀቱን እኛ ጽፈን እናትማለን፣ እነሱ ማኅተም ይመቱበታል። ዳር ዳሩን የዞረውን ሐረግ የመረጥኩት እንኳ እኔ ነኝ።

“ይህን ወረቀት የሠራሁት እኔ ነኝ” አልኩት።

ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ። ቢቀልድብኝ ይሻለኝ ነበር። እሱ ግን ረጋ ብሎ፣ እንደሚመክር ታላቅ ወንድም፣ “ታዲያ እስከ ዛሬ ለራስሽ አንድ ሳታትሚ ምን ስትሠሪ ነበር?” አለኝ።