ጋቢ የያዘው ወንበር

ከደብረ ታቦር መናኸሪያ ተነስተን ወደ ባሕር ዳር ስንወርድ፣ ከፊቴ የተቀመጠ ወጣት አጠገቡ ያሉትን እናት ሲጠይቃቸው ሰማሁ።

«እማማ፣ ይሄ መካከላችን ያለው ጋቢ የእርስዎ ነው?»

«የኔ አይደለም ልጄ። አንድ አባት ቦታ ይዘውበት ነው። ዳቦ ልግዛ ብለው ወረዱ።»

«ተመልሰው ገቡ?»

እናት ወንበሩን አዩት።

«የድንግል ያለህ!»

ሹፌሩ በመስታወት አየን። «ምን ሆናችሁ?»

«ሰውየውን ጥለናቸው መጣን!»

«ሞልቷል ስትሉኝ አይደል የተነሳሁት?»

«ጋቢው አለ ብለን ነዋ! ሁለት ሰው ሊቀመጥበት ሲል ‹ተይዟል› ብዬ የመለስኩት እኔው ነኝ።»

«ባለቤቱን ሳያዩ?»

«ጋቢውን ጥሎ የት ይሄዳል ብዬ! በሞቴ፣ መልሰን።»

«እዚህ ቁልቁለት ላይ አይዞርም። ኩርባውን ልለፍ።»

ኩርባው ጋ ሳንደርስ አንድ ባጃጅ ክላክሱን እያስጮኸ ደረሰብን። በሸሚዝ ብቻ የቀሩ ሽማግሌ ዳቦ ታቅፈው ወረዱና ወደኛ ገቡ። ጋቢያቸውን ተከናንበው ሲሞቃቸው ዙሪያቸውን አዩ።

«ቦታዬን ማን ጠበቀልኝ?»

«እሳቸው ናቸው» አለ ወጣቱ።

«እግዜር ይስጥልኝ እትዬ። እንዲህ አደራ የሚጠብቅ ሰው ዛሬ የት ይገኛል!»

ዳቦውን ቆርሰው ሰጧቸው። እናት አንገታቸውን ደፍተው ተቀበሉ።

«ሞልቷል» ካሉት አንዱ እኔም ነበርኩና፣ መስኮት መስኮቱን ሳይ ባሕር ዳር ደረስኩ።